በማርማላታ ጠርሙስ የመጣ ክኒን

ልጆቹ «እትዬ ቆፍጣና» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት በሕፃናት ክፍል በነርስነት ቆማ፣ ጉልበቷን ጨርሳ ጡረታ ወጣች። አሁን ትምህርት ሲዘጋ በልጆች የዕረፍት ካምፕ መድኃኒት ትሰጣለች። ሕጓ አጭር ነው፦ ከፋርማሲ ማሸጊያው የወጣ፣ የልጁ ስምና መጠኑ ያልተጻፈበት መድኃኒት እጇ አይገባም።

የካምፑ ሥራ አስኪያጅ ግን ሌላ ሕግ አላቸው። እኚህ ክቡር ሰው በመመዝገቢያው ቅጽ አናት ላይ «የምንቀበለው ፍጹም ጤነኛ ልጆችን ብቻ ነው» ብለው በደማቁ አሳትመዋል። ፍጹም ጤነኛ! የሚመዘግቡት ልጅ ሳይሆን ለገበያ የሚለቀም ቲማቲም መሰላቸው።

በመክፈቻው ጠዋት አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ነርሷ ፊት ቆመች። ከቦርሳዋ የማርማላታ ጠርሙስ አወጣች፤ ውስጡ ነጫጭ ክኒን።

«ቪታሚን ነው እህቴ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ።»

«የምን ቪታሚን? ካርቶኑስ?»

«እ... ቤት ቀረ።»

ነርሷ አንዱን ክኒን አውጥታ የተቀረጸበትን ቁጥር አየች። ሕፃናት ክፍል ስንት ሺህ ጊዜ አይታዋለች!

«የኔ እመቤት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ይሄ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ከሰዓት ዋና አለ። ውሃ ውስጥ ቢጥላት ማን ያውቅላታል?»

«ብናገር ትመልሷታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቅ ነው የከረመችው።»

ሥራ አስኪያጁ መክፈቻውን የሚመሩበትን ማይክሮፎን እንደጨበጡ ከተፍ አሉ። «ሰልፉ ለምን ቆመ?» ነርሷ በጆሯቸው ነገረቻቸው። «የሚጥል በሽታ? ትመለስ!» ማይክሮፎኑን ማጥፋት ረስተው ኖሮ ግቢው በሙሉ ሰማ። ልጅቷ ፊቷን በእናቷ ቀሚስ ሸፈነች።

ነርሷ ገነፈለች። «ይቺን ሴትዮ ያስዋሻት የእርስዎ ቅጽ ነው! ጤነኛ ብቻ ስላሉ በሽታው የሚቀር መሰለዎት? ተደብቆ ይገባል እንጂ! ልጅቷ ትገባለች። አይሆንም ካሉ መድኃኒቱን ለሁሉም ልጆች እርስዎ ይስጡ፤ እኔ ሄድኩ!»

ከሰልፉ አንድ አባት ወጣ፤ ከልጁ ካልሲ በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዲት አክስትም ከምሳ ዕቃ ሥር የስኳር መርፌ አወጣች።

«ኢንሱሊን ከዳቦ ጋር!» ጮኸች ነርሷ። «አብዳችኋል እንዴ! ተሰለፉ!»

ሥራ አስኪያጁ ስንቱን ይመልሱ? «በኋላ እንነጋገራለን» ብለው ሹልክ አሉ። ለፉከራው ማይክሮፎን፣ ለሽሽቱ ሹክሹክታ!

እናትየዋ ቤቷ በርራ ካርቶኑን ከምሳ በፊት አደረሰች። ነርሷ መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የጣላትን ቀን መዘገበች።

ከሰዓት ልጅቷ ገንዳ ገባች፤ የዋና አሠልጣኙ በክንድ ርቀት አጠገቧ። አንዴ ቀና ብሎ ገንዳው ጠርዝ ላይ የቆመችውን ነርስ አየ።

«እኔን ምን ታያለህ?» አምባረቀችበት። «እሷን እይ!»