በአሜሪካ ታሪክ ጀርባ የነበረው ጽሑፍ

ማባዣ ክፍል የገባሁ ቀን መጀመሪያ የተማርኩት ወረቀት ማራገብ ነው። ከእኔ በፊት ማሽኑን ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ይርጋ አንድ ደስጣ ወረቀት ሰጡኝና «አራግቢው፣ አየር ይግባበት፤ አለበለዚያ ማሽኑ ሁለት ሁለት እየጎረሰ ይቆማል» አሉኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እዚህ ትምህርት ቤት የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። «አትቸኩይም» ብለው ነው ያዛወሩኝ።

ወረቀት ሲያንቀው ክዳኑን ከፍቶ በቀስታ መሳብ፣ የወጣውን በየገጹ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ እየዞሩ መልቀም፣ ስቴፕለር መምታት። ሥራው ይኸው ነው። እየዞርኩ ስለቅም ርዕስ ርዕሱን ማንበብ ለመድኩ።

በየዓመቱ የታሪክ መምህሩ ማስታወሻ ይመጣልኛል። አዳነ እላቸዋለሁ፤ ስማቸው ሌላ ነው። ስለ አሜሪካ የመጀመሪያ ዓመታት ነው የጻፉት። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ነጻ ወጡ አይደል? ታዲያ ይህ ሁሉ ገጽ ምንድን ነው?»

«ጣጣው የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው፣ እትዬ ዘውዴ። እንግሊዝ እለቃለሁ ብሎ ፈረመ፤ ምሽጎቹን ግን አልለቀቀም። ቀጥሎ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተዋጉ። ሁለቱም ‹ከማን ጋር ናችሁ?› አሏቸው።»

«እነሱስ?»

«ከማንም አይደለንም አሉ።»

«ተዉዋቸው?»

«የምን መተው! መርከባቸውን ያም ያዘ፣ ያም ያዘ። እንግሊዝ ሄዶ እንዲዋዋል የላኩትን ሰው ደግሞ የገዛ አገሩ ሕዝብ ምስሉን ሠርቶ አቃጠለው። ግማሹ ለእንግሊዝ ያደላል፣ ግማሹ ለፈረንሳይ።»

«ታዲያ በምን ተረፉ?»

«መሃል ላይ ውቅያኖስ ነበራ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ጠመንጃ የያዙ መጥተው ውሃ ይጠይቁኛል፤ እሰጣለሁ። ከሰዓት ሌሎቹ መጥተው ማን እንደጠጣ ይጠይቁኛል። ልጄ ማስተዋል እዚሁ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የምትመላለሰው በዚያው መንገድ ነው።

ያን ሰሞን መንገድ ተዘጋና ወረቀት አልመጣም። ርዕሰ መምህሩ «ጀርባው ባዶ የሆነውን እየፈለግሽ አባዢበት» አሉኝ። የድሮ ፈተና፣ ያለፈበት ማስታወቂያ ሰበሰብኩ። ዘበኛውም ከግቢው በር የለቀመውን እቅፍ ሙሉ አመጣልኝ። «ለአንቺ ሥራ ደኅና ነው፣ ጀርባው ንጹሕ ነው» አለ። ባዶውን ገጽ ወደ ላይ አድርጌ አራገብኩ፣ ጫንኩ፤ የመምህር አዳነን ማስታወሻ ለእነማስተዋል ክፍል አባዛሁበት። ፊቱን አላየሁም።

ለካ ፊቱ ትምህርት ቤት ይዘጋ የሚል፣ ጫካ ያሉት የበተኑት ትእዛዝ ነው።

በማግስቱ የማስተዋል ጓደኛ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ ማስተዋልን ወታደሮቹ ኬላ ላይ አስቀሯት። ደብተሯ ውስጥ ወረቀት አገኙ።»

ስደርስ ልጄ ድንጋይ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። የኬላው አለቃ ወረቀቱን ይዟል።

«ማን ነው ያባዛው?»

«እኔ ነኝ። የአሜሪካውን ነው ያባዛሁት። ያኛው ቀድሞም የነበረ ነው።»

ገለበጠው። «‹ከሁለቱም ወገን አለመሆን› ይላል። ለማን የተላለፈ መልእክት ነው?»

«ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ፣ ጌታዬ።»

«ትቀልጃለሽ እናት?»

«ኧረ እኔ በምን አቅሜ። ትምህርት ነው።»

«የጻፈውን ሰው ንገሪኝና ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ማስተዋል ቀና ብላ አየችኝ። መምህሩ የጻፉት የአሜሪካውን ገጽ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ስማቸውን ተናገርኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ «እማ፣ እሳቸው ምን አደረጉ?» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ሂጂ» አልኳት።

መምህሩን ከክፍል ወሰዷቸው። ሁለት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ግራ እጃቸውን ማንሳት አይችሉም። ማባዣ ክፍል መጥተው ቀጣዩን ማስታወሻ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ማን እንደተናገረ ያውቃሉ። «ስልሳ ቅጂ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አላጫወቱኝም። በወሩ ተዛውረው ሄዱ።

ማስተዋል አሁን ያለ እኔ ያን መንገድ አትሄድም። ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ደብተሯን ገጽ በገጽ እፈትሻለሁ። እሷም ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ታየኛለች።

በማባዣ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ያገለገለ ወረቀት ከመጫናችሁ በፊት ፊቱን እዩ፤ ማንበብ ካቃታችሁ አስነብቡ። ስም ስትጠየቁ የምትመልሱትን ግን እኔ ላስተምራችሁ አልችልም። እኔ ተናግሬያለሁ።