በእኔ በኩል የተቀመጡት ሽማግሌ

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አፌን እዘጋለሁ። አሁንም ወሬዬን ያቋረጥኩብሽ ለዚያ ነው። የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ አለፈ፤ ቀጥዪ» እያሉ ይስቁብኛል። እዚህ አያት ሰፈር፣ ፎቅ ላይ፣ ድምፁ መስኮቱን ትንሽ ነካ አድርጎ ነው የሚሄደው። ያኔ ገርጂ ግን የቤታችንን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠ ነበር የሚያልፈው። የሚናገር ሰው ሁሉ ወሬውን ይዞ ይጠብቃል። የኔም ትዳር የፈረሰው እንደዚያ እየተቋረጠ ነው።

ደርግ ከወረደ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ግቢያችን ጠባብ ነበረች፤ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ከአጥሩ ማዶ የገበሬ ማሳ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የእርጥብ ገለባ ሽታ እስከ መኝታ ቤት ይገባል። ቤቱን አብረን ነው የሠራነው። ጭቃውን በእግሬ ያቦካሁት እኔ ነኝ፤ ልጄን አርግዤ።

የልጄ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አሰብ ይመላለሳል። መንገድ ላይ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጅ እንዳለው ሳውቅ አልጮህኩም። ጸለይኩ። ከዚያ ፍቺ ጠየቅሁ።

ያን ጊዜ ፍቺ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት አልነበረም። በሰማንያ የተጋባ ሰው መጀመሪያ የሚቆመው ጋብቻውን የመሰከሩት ሽማግሌዎች ፊት ነው። በእሱ በኩል ሁለት፣ በእኔ በኩል ሁለት፣ መሃል ላይ አንድ ሰብሳቢ። የሚያስታርቁትም፣ የሚያፋቱትም፣ ልጅና ቤት ለማን እንደሚሆን የሚቆርጡትም እነሱ ናቸው። ቃላቸው እንደ ፍርድ ነው።

በእኔ በኩል ዋናው ሽማግሌ አጎቴ ነበሩ። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው፣ ወንድሟ ናቸው። ጥምቀት ሲሆን ታቦቱን እንዳይ ትከሻቸው ላይ ያወጡኛል። የጋቢያቸው ሽታ፣ ሳሙናና ፀሐይ፣ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። «ሚጡ» ነበር የሚሉኝ። ስዳርም፣ ስወልድም ሚጡ ነበርኩ።

የሚቀመጡት እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር ነው። ነገሩ እስኪቆረጥ ከእኔም ከእሱም ወገን ቤት እህል አይቀምሱም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ይቆረጥማሉ። እኔ ውሃ ብቻ አቀርባለሁ።

«ልጄ፣ ወንድ ልጅ መንገድ ላይ ይሳሳታል» አሉኝ ሰብሳቢው። «ይቅር ብትዪውስ?»

«ይቅር ብዬዋለሁ፣ አባቴ። አብሬው መኖር ነው ያቃተኝ።»

የልጄ አባት ሳቀ። «አላልኳችሁም? እሷ እኮ ያገባችው እኔን አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑን ነው! ከመንገድ ስገባ ወይ ጾም ነው፣ ወይ ስግደት ነው።»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ። አጎቴ አልሳቁም። በልቤ «ተመስገን፣ ሰው አለኝ» አልኩ።

የኔ ጭንቀት ልጄ ነበረች። ሕጉ ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ለእናት ነው የሚለው። የእኔዋ ገና ማለፏ ነበር። ካለፈች ደግሞ ሽማግሌዎቹ ለልጅቷ ይበጃል ያሉትን ነው የሚወስኑት። አባቷ ስለ እሷ አንድም ቀን አላነሳም፤ የሚከራከረው ስለ ቤቱ ነበር። እንዳያስታውሳት እየፈራሁ እኔም አላነሳም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አጎቴን የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ከእርስዎ ሌላ ሰው እንዳይሰማው።»

«ምነው ሚጡ? ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ወሬ ያመላለስኩት?»

«ቤቱን ይውሰደው። ዕቃውንም ይውሰደው። ልጄን ብቻ አልነጠቅ። ግን ይህን እንዳያውቅብኝ። ካወቀ በእሷ ይይዘኛል።»

አናቴን ሳሙኝ። «ልጅሽን ማን ይነካብሻል?»

በሚቀጥለው እሑድ የልጄ አባት የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። ገና ምርቃቱ እንዳለቀ «ልጅቷን እናቴ ታሳድጋታለች» አለ። «ቤቱን ከተወችልኝ ግን እናስብበታለን። እሷ እንደሆነ ቤት ምን ያደርግላታል? ‹ቤቱን ይውሰደው፤ ልጄን ብቻ አልነጠቅ› ብላ የለ?»

የራሴ ቃል ነው። አንዲት ፊደል ሳትጎድል።

አውሮፕላን መጣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ወሬው ቆመ። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጡ። አጎቴ ብቻ መሬት መሬቱን አዩ። ያ አውሮፕላን አልፎ እስኪያልቅ ድረስ እሳቸውን እያየሁ ቆምኩ። ቀና አላሉም።

ድምፁ ሲርቅ «እውነት ነው፤ ብያለሁ። ቤቱን ይውሰደው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እኔን ወደ ማድ ቤት፣ እሱን ወደ በሩ አውጥተው መከሩ። ስንመለስ ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበቡ። ፍቺው ጸና። ቤቱ ለባል። ልጅቷ ግን፣ እናቷ መጠለያ ስለሌላት፣ የራሷ ቤት እስክታገኝ ድረስ በአባቷ እናት ዘንድ ትደግ።

ቤቱን የተውኩት ለልጄ ስል ነው። ቤት የላትም ብለው ልጄን ወሰዱብኝ።

«ጋሼ» አልኩ፤ «እርስዎ ቤት ልንኖር አንችልም እንዴ?»

ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። «ሚጡ፣ ለአንቺው ብለን ነው።» ፈረሙ።

ልጄ በዚያው ሳምንት ሄደች። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ከፍ ብላ ተቀምጣ፣ እየሳቀች እጇን አወዛወዘችልኝ። ሽርሽር መስሏት። የናፍጣው ጭስ ከበሩ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ፣ ቤቱን ገና ሳላስረክብ፣ አልጋ ላይ ቀረሁ። ያነሳችኝ ባለሱቋ ጎረቤቴ ናት። የወሎ ሙስሊም ናት፤ ስትናገር መንገድ ማዶ ይሰማል።

«ተኝተሽ ልትቀሪ ነው?»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሆናል።»

«ወላሂ፣ የሽማግሌን ፈቃድ ከአላህ ፈቃድ ጋር አትቀላቅዪብኝ! ተነሽ፤ ጫማሽን አድርጊ።»

ሱቋን ዘግታ ይዛኝ ሄደች። ድሀ ሴቶችን በነጻ የሚያማክሩ የሕግ ባለሙያ ሴቶች እንዳሉ ከደንበኞቿ ሰምታ ኖሯል። ደረጃ ወጣን። ክፍሉ የካርቦን ወረቀት ይሸታል፤ የጽሕፈት መኪና ሳያቋርጥ ይንጣጣል። አንዲት ወጣት ጠበቃ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ውሃ ሰጠችኝ።

«ፍርድ ቤት የሽማግሌዎችን ውሳኔ ሊሽር ይችላል» አለች። «ግን ‹ከፋኝ› ማለት አይበቃም። ውሳኔው ሚዛን የሳተ ነው፣ ወይም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታማኝ አልነበረም ብለን ማስረዳት አለብን። ያንን ቃል ለባልሽ ማን ነገረው?»

ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«አጎቴ» አልኩ።

«ዳኛ ፊት፣ እሳቸው ባሉበት ትይዋለሽ?»

«ያሳደጉኝ ናቸው።»

«ገባኝ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያንቺንስ ልጅ ማን ያሳድጋት?»

በዚያ ሰሞን ጸሎት ላይ ስቆም ቃል አይወጣልኝም ነበር። የልጄን ቀሚስ ደረቴ ላይ ይዤ እቆማለሁ። እግዚአብሔር ያንንም እንደ ጸሎት ቆጥሮልኝ ይሆናል።

ዳኛው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። አጎቴ ጀርባዬ ነበሩ፤ ሲያስሉ ይሰማኛል። ከዚያ እሳቸው ተጠሩ። መጽሐፉ ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉ። ጠበቃዋ ጠየቀቻቸው።

«ያ ቃል ለባልየው ከማን ደረሰው?»

«ከእኔ።»

አልዋሹም። ይህን እመሰክርላቸዋለሁ።

«ምስጢር መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ቤቱን ካገኘ ልጅቷን ይተዋል፣ ነገሩም በሰላም ያልቃል ብዬ ነው።»

«እሺ። ‹መጠለያ የላትም› ሲባልስ ‹እኔ ቤት ይኖራሉ› ለምን አላሉም? ቤትዎ ጠቦ ነው?»

ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ይሰማል።

«አልጠበበም» አሉ። «እሷ ራሷ ገና ልጅ ናት። ልጅ ያንጠለጠለችን ሴት ማን ያገባታል? ዕድሏ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። ሰው አስቤላት ነበር።»

ሰው አስበውልኛል። እኔ ጥዱ ሥር ስለ ልጄ ስለምናቸው፣ እሳቸው ባል እየመረጡልኝ ኖሯል። ከሁሉ ይህ ነው የቆረጠኝ። ጠላት ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ልጄ ለእኔ ተወሰነች፤ ከቤቱም ድርሻዬን አገኘሁ። ጠበቃዋን እግሯ ላይ ወድቄ ልስም ስል ያዘችኝ። ጎረቤቴ ኮሪደሩ ላይ እልል አለች፤ ዘበኛው ተቆጣት። «አንተ ደግሞ፣ ሰርግ ላይ ብቻ ነው እንዴ እልልታ?» ብላ መለሰችለት።

ደረጃው ላይ ከአጎቴ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። «ጋሼ» አልኩ።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሉ። ሚጡ አላሉኝም። ከዘራቸውን እያስቀደሙ በዝናቡ ውስጥ ወጡ።

ልጄ ስትመጣ ጸጉሯ ተላጭቷል፤ ጉንጯ በፀሐይ ጠቁሯል። በር ላይ ቆማ ትንሽ አየችኝና «እማዬ፣ ሽርሽሩ ረዘመ እኮ» አለችኝ። ያን ቀን የበላነውን ሽሮ እስካሁን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከእጄ አልወጣችም። አድጋ፣ ተምራ፣ የእኔ ጧሪ ሆነች። ለዚህ ሁሌም አመሰግናለሁ።

አጎቴ ግን ደብር ቀየሩ። እኛ ቤት አልመጡም። በየበዓሉ ሰው እልካለሁ፤ «ደህና ነኝ በሏት» ተብሎ ይመለሳል። ዓመታት እንደዚያ አለፉ።

አንድ ማለዳ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሰው በሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እንዲህ ተሰብስቦ በማለዳ የሚመጣ መርዶ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ለእናት ነው፣ ለልጅ ነው። የእኔ እናት ሞታለች። ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። የማንን ሊነግሩኝ ነው?

«ልጄ፣ በርቺ» አሉ አንድ አዛውንት። «አባትሽ ዐርፈዋል።»

«አባት የለኝም» አልኩ።

«አጎትሽ ናቸው። ሲደክሙ አስጠርተውን ‹መርዶውን ለእሷ እንደ ልጅ አድርሱላት። ወሬውን መንገድ ላይ እንዳትሰማው› ብለው አደራ ሰጥተውናል።»

ሴቶቹ በግራና በቀኝ ያዙኝ። ያን ያህል ልጃቸው ከነበርኩ፣ ያን እሑድ ለምን ዝም አሉ? ይህን ለመጠየቅ በየበዓሉ ራሴ መሄድ እያሰብኩ፣ ሰው እየላክሁ ነበር የኖርኩት።

ልጄ ነጠላዬን አመጣችልኝ። አዘቀዘቅሁት። ለቅሶ ቤት ሲደረስ ከፊት የምትገባው የሟች ልጅ ናት፤ ሰዎቹ ገለል ብለው አሳለፉኝ፤ እኔም ፊት ፊት ሄድኩ።