ዘፋኝ የሌለው ካሴት

ሐሙስ ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ መምህር አስናቀ አርብ ገበያ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ቀብራቸው በማግሥቱ ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ።

የደወለችልኝ የእህታቸው ልጅ ብርቱካን ናት። ስልኩን እንደዘጋሁ ለሁለት ሰዎች ደወልኩ፤ አንዱ ጎረቤታቸው፣ ሌላው ለብዙ ዓመት አብሯቸው ያስተማረ ሰው ነው። ሦስቱም የነገሩኝ ሰዓት አንድ ሆነ። የሚወደው ሰው የሞተበት፣ ከማልቀሱ በፊት እየደወለ ሲያጣራ ነውር ይመስላል። ባልደረቦቼ ጋዜጠኝነት ያስለመደኝ ጠባይ ነው ይላሉ። ተሳስተዋል። ጠባዩ ከሥራዬ ይቀድማል፤ የመጣውም ከአንድ ካሴት ነው።

ለሥራ ንፋስ መውጫ ነበርኩ። ዓርብ ማለዳ ወደ አርብ ገበያ የሚወርደውን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉሙ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል፤ አልፎ አልፎ ሲቀደድ ብቻ የታጨደ ገብስ፣ ክምር፣ ከክምሩ ሥር የቆመች አህያ ብቅ ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ይጠፋሉ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁና እንደ ወትሮዬ የፊልም ሙዚቃ ከፈትኩ። እኔ ዘፈን እምብዛም አልሰማም። ሸሚዝ ስተኩስ፣ ዜና ስጽፍ፣ መንገድ ላይ ስሆን የምሰማው ለፊልም የተሠራ፣ ግጥም የሌለውን ሙዚቃ ነው። ከጎኔ ለገበያ ሁለት ዶሮ በጭኑ የያዘ ገበሬ ተቀምጧል። ደጋግሞ አየኝ።

«ምን እየሰማህ ነው፣ ወንድሜ?»

አንዱን ማዳመጫ ሰጠሁት። ዶሮዎቹን በክንዱ አቅፎ ሁለት ኩርባ እስክናልፍ በጥሞና አዳመጠ።

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

«አይገባም።»

«ታዲያ እነዚህ ሁሉ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለና ማዳመጫውን መለሰልኝ።

መምህር አስናቀ ቢሰሙት ይስቁ ነበር። ጉሙ እንደገና መስኮቱን ሸፈነው። ሙዚቃው ቀጠለ፤ እኔም ወደ ሌላ ዓርብ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አርብ ገበያ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መምህር አስናቀ ፊዚክስ ያስተምሩናል፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡም በእርሳቸው ሥር ነበር። ሚኒ ሚዲያችን ጧት ከሰልፍ በፊትና በእረፍት ሰዓት ሙዚቃ የሚለቀቅባት፣ ማስታወቂያ የሚነገርባት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ያለን ንብረት በመኪና ባትሪ የሚሠራ ማጉያ፣ አንድ ቴፕ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ደጅ ከባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የታሰረ ጡሩምባ መሳይ ድምፅ ማጉያ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የዓርቡ ገበያ እህል ተራ ነው። ንፋሱ ወደዚያ ከነፈሰ፣ እኛ የምንናገረውን ጤፍ የሚሰፍረውም ሰው ይሰማዋል።

ካሴቷ የእርሳቸው ናት። ኮሌጅ ሳሉ ቪዲዮ ቤት እየገቡ፣ ቴፓቸውን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጠው፣ ሰው የማይናገርባቸውን ቦታዎች ብቻ እየጠበቁ የቀዷት ናት። «ሌላው ፊልሙን ሊያይ ይገባል፤ እኔ ልሰማው እገባ ነበር» ይሉኛል። በዚህም የተነሳ ካሴቷ ውስጥ ከሙዚቃው ጋር የሰው ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ የጄኔሬተር ጉምጉምታ አብሮ ተቀድቷል። ሁለተኛው ፊት ላይ ሦስተኛው ሙዚቃ በአንድ የመሣሪያ ክር ድምፅ ይጀምራል። ክሩ ብቻውን ብዙ ይሄዳል፤ ኋላ ሌሎቹ ከሩቅ እየመጡ ይቀላቀሉታል። መሐል ላይ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይስላል። ዛሬ ያንኑ ሙዚቃ ጥርት ባለ ቅጂ እሰማዋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ግን እስካሁን ሳሉን እጠብቃለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሚኒ ሚዲያ ክፍል እንቀመጣለን። ከመንገድ ዳር የገዛነውን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀስን እንበላለን። ጥቅምት ከሆነ የባቄላ እሸትም አለ። እርሳቸው ካሴቷን ያስገባሉ።

«ዓይንህን ጨፍን። ምን ታያለህ?»

«ገብስ። ንፋስ አለ። አንድ ሰው እየሄደ ነው፤ ፊቱ አይታየኝም።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አላውቅም፣ ቲቸር።»

«ጥሩ። የማታውቀውን አላውቅም ማለት ጥሩ ነው።»

ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ብለምናቸውም አይነግሩኝም። ከነገሩኝ ሙዚቃውን መስማት እንደማቆም ነበር የሚያምኑት። ለማስታወቂያ ግን ሌላ ሕግ ነበራቸው። ማይክሮፎን ፊት የሚቀርብ ወረቀት ሁሉ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚል አራት መስመር ይኖረዋል። አንዱ ከጎደለ አይነበብም። የጠፋ ደብተር እንኳ ቢሆን።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ መምህር አስናቀ እናታቸውን ሊጠይቁ ወደ ስማዳ ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ማክሰኞ ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ረቡዕ ሰው መለየት አቃታቸው። በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪናው አደረስናቸው። አንድ መምህር አብሯቸው ተሳፍሮ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄዱ። ሐሙስ ወሬ አልመጣም። እኔ ሐሙሴን ብቻዬን ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ድንች አልገዛሁም።

ዓርብ ጧት ከሰልፍ በፊት የተለመደውን ማርሽ ላስገባ ቴፑን ስከፍት፣ የእርሳቸው ካሴት እዚያው ነበረች። ሌላ አላሰብኩም። የሚወዱትን ሙዚቃ ብለቅላቸው፣ ያሉበት ድረስ የሚደርሳቸው መሰለኝ። ሁለተኛውን ፊት አዙሬ፣ ሦስተኛው ላይ አድርሼ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ገብሱ መጣ። ንፋሱ መጣ። ፊቱ የማይታየው ሰውዬ መሄድ ጀመረ።

በዓይኔ ያላየሁትን ኋላ ከብዙ ሰው ጠይቄ ነው የሰበሰብኩት። በአገራችን ሬዲዮ ዘፋኙን ትቶ ለረጅም ጊዜ ዝግ ያለ ሙዚቃ ብቻ ካሰማ፣ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ሕፃንም ያውቃል። የትምህርት ቤቱ ጡሩምባ እንደዚያ ሲያለቅስ ተማሪው ሳይታዘዝ ተሰለፈ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዱ «ማን ሞተ?» አለ፤ ሌላው «ማን ይሆናል፣ የታመመ ማን አለ?» ብሎ መለሰ። አንዲት አስተማሪ ጮኸች። ጩኸቱ አጥሩን ተሻገረ።

እህል ተራ ውስጥ የመምህር አስናቀ እናት ነበሩ። እማማ የሺ ይባላሉ። የልጃቸውን መታመም ሰምተው ከስማዳ በእግራቸው ተነስተው፣ ዘመድ ቤት አድረው ሌሊት ወጥተው፣ ወሬ ለመጠየቅ ገና ገበያው ጋ መድረሳቸው ነው። ሰው ሲያያቸው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። እማማ የሺ ማንንም አልጠየቁም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጠቁና እህሉ መሐል ቆመው «ልጄን!» አሉ። ገበያው ሚዛኑን አስቀመጠ።

እኔ በሩ ሲከፈት ነው ዓይኔን የገለጥኩት። ዳይሬክተሩ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«መቼ ነው ያረፉት?» አሉኝ።

ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቴፑን ማጥፋቴን አላስታውስም፤ መሬት ላይ ተቀምጬ ማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ። ከደጅ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። እንግዲህ እውነት ነው ማለት ነው፤ ሁሉም ሰምቷል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አልኩ።

«ተነስ እንግዲህ» አሉ ዳይሬክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ። «በይፋ ተናገር። እኔ አልችልም።»

እጄ ልማዱን ሠራ። ወረቀት አወጣሁ። ማን፤ መምህር አስናቀ። ምን፤ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የት፤ ደብረ ታቦር። መቼ። እርሳሱ እዚያ ቆመ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ማን ነው የነገረዎት?»

«ምን ማለትህ ነው? አንተ አይደለህ እንዴ የነገርኸን?»

ተያየን። ማይክሮፎኑ አጠገቤ ነበር፤ ማብሪያውን አልነካሁትም። ወረቀቱን እንደያዝኩ ወጥቼ ስታለቅስ የነበረችውን አስተማሪ ጠየቅኋት፤ ከጡሩምባው ሰማሁ አለች። ዘበኛውን ጠየቅሁት፤ ተማሪ ሲያለቅስ አይቼ ነው አለ። ተማሪዎቹ ወደ ጡሩምባው ጠቆሙ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ጣቱን መልሶ ወደ እኔ አመጣው።

ስልክ ያለው ቴሌ ቢሮ ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሮጥን። እማማ የሺንም ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧቸው። ኦፕሬተሩ መስመር ለማግኘት ብዙ ታገለ። በመጨረሻ ሆስፒታሉ አነሳ፤ አብሯቸው የሄደው መምህር ተጠራ፤ ከዚያ የእግር ኮቴ፤ ከዚያ ደካማ ድምፅ።

«አቤት?» አሉ መምህር አስናቀ።

ዳይሬክተሩ ስልኩን ለእማማ የሺ ሰጧቸው። እርሳቸው ግን ድምፁን ሰምተው አላመኑም። የሚያጽናናቸው ሰው ልጃቸውን መስሎ እየተናገረ እንደሆነ ነበር የጠረጠሩት። እንባቸውን ዋጥ አደረጉና በጣም ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ቀዩ በሬ ታሟል። ልሽጠው ወይስ ላቆየው?»

እኛ የደነገጠ ሰው የሚናገረው ነው ብለን አዘንን።

«እማየ፣ ቀይ በሬ መች አለን?»

እማማ የሺ ቴሌ ቢሮው ወለል ላይ ተቀመጡ። «ቀይ በሬ የለንም አለኝ! እሱ ነው! እሱ ነው!» እያሉ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ምስክርን መፈተን ኋላ ብዙ ሰዎች አስተምረውኛል፤ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም።

በመጨረሻ ስልኩ ለእኔ ደረሰኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቋረጡኝ።

«የትኛውን ነው የለቀቅኸው?»

«ሁለተኛው ፊት፣ ሦስተኛውን።»

«እስከ የት ተሰማ?»

«እስከ እህል ተራ።»

«ሳሉ ላይ ደርሶ ነበር?»

«አልፎታል፣ ቲቸር።»

ሳቁ፤ ሳቁ ራሱ ሳል ሆነባቸው። እማማ የሺ ግን እንደ ልጃቸው አልሳቁልኝም። ነጠላቸውን ከወገባቸው እየፈቱ «አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ ሳትጠይቅ አታስለቅሰኝ» አሉኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፊልሙን አግኝቼ አየሁት። ሙዚቃው የሚመጣበትን ቦታ ሁለት ጊዜ መልሼ አጣራሁ። ማንም አይሞትም። አንድ ሰው ከረጅም መንገድ በኋላ ቤቱ ይደርሳል፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጫማውን ያወልቃል። ፊቱ አይታይም። ለመምህር አስናቀ ደውዬ ስነግራቸው «አሁን መስማት ታቆማለህ?» አሉኝ። አላቆምኩም።

ሚኒባሱ አርብ ገበያ ሲደርስ ጉሙ ተነስቶ ነበር። ባለዶሮው ወደ ገበያው፣ እኔ ወደ ልቅሶው ቤት ሄድን። የፊልም ሙዚቃ በሰማሁ ቁጥር በውስጤ የሚሄደው ሰውዬ ዛሬም አብሮኝ ነበር፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አሁንም አላውቅም። በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ።

እማማ የሺ ከሬሳው አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያን ሳይጠጉ አይቀሩም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስሜን ስነግራቸው እጄን ያዙ።

«አንተ ነህ? የካሴቱ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ዛሬም ያንተ ካሴት ነው በለኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«እንደዚያን ቀን ደውልና ጠይቅልኝ እንግዲህ» አሉ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። ስልኬን አወጣሁና የመምህር አስናቀን ቁጥር ደወልኩ። ጠራ። ድምፁ ከጓዳ መጣ። አራት ጊዜ ጠርቶ ብርቱካን ስልኩን ይዛ ወጣች፤ ለአያቷም የስልኩ መስታወት ላይ የወጣውን የደዋይ ስም አሳየቻቸው። እማማ የሺ ማንበብ አይችሉም።

«ማነው ይላል?» አሏት።

«ካሴት ይላል፣ እማየ።»

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተፈጸመ።