ቅሬው የገዛው የቤዝ አምፕሊፋየር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ምን ያህል ይሆናል? ይህን ጥያቄ በወጣትነቴ ፍልስፍና ያስተማሩን ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ወርውረውልን ሄዱ። እኔም መካነ ሰላም ላይ ሳስተምር፣ ጡረታ ወጥቼም የቅሬያችን፣ የሰፈር ዕድራችን፣ ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ፣ መልሱን ስፈልግ አረጀሁ። አላገኘሁትም። አናጺው ቢተው ግን ባለፈው ጥር፣ በሕይወት ሳለ፣ የራሱን መልስ በገዛ ጆሮው ሰምቶታል።

ቢተው ቀን ቀን አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። ሰርግ ሲኖር ደግሞ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። "ይጫወታል" ስል የአገሬ ሰው ይገረማል፤ ምክንያቱም ሲጫወት የሰማው የለም። ከከላላ እስከ ወግዲ ሃያ ዓመት ሙሉ በየድንኳኑ ቆሟል። ጣቶቹ ይሄዳሉ፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ድምፅ ግን የለም። የቡድኑ ሀብት አንዲት ሞንታርቦ ናት፤ እሷም የኦርጋን ተጫዋቹ የንጉሡ ናት። ዘፋኙም ኦርጋኑም ቤዙም በእሷ ነው የሚወጡት። ቤዙ ከፍ ሲል ስለምትንጣጣ ንጉሡ የቢተውን ቁልፍ ይዘጋበታል።

"ንጉሥዬ፣ ትንሽ ክፈትልኝ እንጂ።"

"ስፒከሬን ልትቀድልኝ? ቤዙን እኔ በግራ እጄ እመታልሃለሁ። አንተ ዝም ብለህ ቁም።"

"ታዲያ እኔ ለምን መጣሁ?"

"ሲያዩህ ባንዱ ሙሉ ይመስላላ!"

የመኖር ማስረጃው መሰማት ቢሆን ኖሮ፣ ቢተው ገና አልተወለደም ነበር። እሱም ቢሆን ይህን ችሎት ይኖር ነበር። ያላስቻለው የልጁ የሰርካለም ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የጎረቤት ሰርግ ላይ አይታው፣ "አባዬ፣ ያን እንጨት የምትይዝላቸው እስኪጨርሱ ነው?" አለችው። የዚያን ቀን ራት አልበላም። ዓመታት አልፈው ሽማግሌ ተልኮ ሰርካለም ስትታጭ፣ ቢተው በልቡ ማለ፦ በሰርጓ ቀን ልጄ ትሰማኛለች። ለዚህ ደግሞ ኪሱ የሚችለው የቤዝ አምፕሊፋየር መገኘት ነበረበት።

መጀመሪያ ራሱ ሊሠራው ሞከረ። አናጺ አይደል? ከጥድ ሳንቃ የሚያምር ሳጥን ሠራና ከአሮጌ ቴፕ ያወጣውን ስፒከር ገጠመበት። ድምፁ በርሜል ውስጥ የሚያስል ሽማግሌ ሆነ። ሳጥኑን ሚስቱ ዛሬ ሽሮ ታስቀምጥበታለች። ቀጥሎ ደሴ ያለ ነጋዴ ዘንድ ደወለ። ነጋዴው ዋጋውን ሲነግረው ቢተው፣ "ከነሱቁ ነው?" ሲል ጠየቀ።

በመጨረሻ አቀስታ ላይ መጠጥ ቤት ያላት ፈንታዬ የምትባል ሴት፣ ከሟች ባሏ የቀረ የሚያጉረመርም ሳጥን አላት ሲባል ሰማ። ጊታሩን ጉልበቱ መሀል አቁሞ በሚኒባስ ሄደ። ሳጥኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ ድመት ተኝታበታለች።

"እታለም፣ ይሄ ነገር ይሠራል?"

"እንዴታ! ድመቷ ሌላ ቦታ አትተኛም እኮ።"

ድመቷን ለምኖ አስነሳና ጊታሩን ሰክቶ ወፍራሙን ክር አንዴ ነካው። ብርጭቆው ሁሉ ተንጫጫ። ድመቷ ቆጥ ላይ ወጣች። ጥግ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ የነበረ ሰውዬ ጠርሙሱን አስቀምጦ አማተበና ወደ ቤቱ ሄደ። ቢተው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። የጠየቀችው ዋጋ ደሴ ከተባለው ሩቡ ነበር፤ እሱ ግን ሩቡም አልነበረውም።

በእኛ ሰፈር ገንዘብ ያለው ሙት ብቻ ነው፤ ማለቴ ቅሬው። ክርስቲያንም ሙስሊምም አብረን የምንቀባበርበት ቅሬያችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው። ያጣው ድምፅ ነው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ እየዞሩ "ቅሬ ውጡ!" የሚሉት ጋሽ ገበየሁ አርጅተው፣ ጥሪያቸው ከሁለተኛው አጥር አያልፍም ነበር። ቢተው ይህን አስቦ ስብሰባ ላይ ተነሣ።

"ድምፅ ማጉያ አግኝቻለሁ። ነጎድጓድ ነው። ሰው ሲሞት ጋሽ ገበየሁ ይጠሩበታል፤ በተረፈው ቀን ደግሞ…"

"በተረፈው ቀን ምን?" አሉ ሰብሳቢው ሐጂ ሙሐመድአሚን።

"እኔ እጠብቀዋለሁ።"

"አጠባበቁ እንዴት ነው?"

"እንዳይዝግ ሐጂ፣ አልፎ አልፎ እየነካካሁ። የሰርካለምም ሰርግ አለ።"

ሐጂ ሳቁ። "አብሽር፣ ይገዛ" አሉ። እኔም "ለቀብር ጥሪ የሚሆን ድምፅ ማጉያ ይገዛ" ብዬ ጻፍኩ። ዕቃው ለቤዝ ብቻ የተሠራ መሆኑን ከቢተው በቀር ያወቀ አልነበረም።

ጋሽ ገበየሁ መናገሪያ ሲይዙ በጣታቸው ሦስት ጊዜ ሳያንኳኩ አይጀምሩም። በመጀመሪያው ጥሪ፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም አለና የጣሪያው ቆርቆሮ ሁሉ ተርገፈገፈ። ከዚያ "ቅሬ ውጡ" አሉ፤ ከዚያ ቀጭን ጉሮሮ የወጣው ግን ከምድር በታች የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። ቃሉን የለየ የለም። በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው አጥር ላይ ታረቁ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉን መለየት አላስፈለገም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም ካለ ሰው ሞቷል፤ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ወንበር ይነሣል፣ ሳጥኑ የሚጮኸው ከሟቹ ግቢ ነውና ድምፁ ወደ መጣበት ይኬዳል። በአራት ወር ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ይህን ለመደው።

ጥር ደረሰ። በቢተው ግቢ ድንኳን ተተከለ፣ ሰርካለም ተሞሸረች፣ ሳጥኑም ከቅሬው ዕቃ ቤት ወጣ። የመጀመሪያውን ዘፈን ቤዙ ብቻውን እንዲከፍተው ቢተው ለመነ።

"የሙሽራ አባት ነህ፣ ምን እላለሁ" አለ ንጉሡ እጁን አጣጥፎ።

ቢተው ወፍራሙን ክር ረጋ ብሎ መታው። መግቢያው ሦስት ድምፅ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

ሰርካለም ከነቬሏ ቀና አለች። "አባዬ! እሱ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ!"

ከደስታው ብዛት ወደ ዘፈኑ መግባቱን ረስቶ መግቢያውን ደገመው። ሠለሰው። ዘፋኙ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እንግዲህ ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ሩቅ መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ላይኛው ሰፈር ኦርጋንም እልልታም አይሰማም፤ የቢተው ቤዝ ግን ጥርት ብሎ ደረሰው።

ጥቂት ቆይቶ ወንዶቹ ወንበር ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በግቢው በር ጎረፉ። ከፊት እትዬ አልታየች ናቸው፤ በሙሾ አቻ የላቸውም። ጥሪው የመጣው ከቢተው ግቢ ስለሆነ፣ ድግሱን ሲያሰናዳ እንቅልፍ ያጣውን ሰው ድካም እንደገደለው በመንገድ ላይ ወስነዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደረታቸውን እየመቱ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ።

"ወንድሜ ቢተው! ለሰው ሁሉ አልጋ ሠርተህ፣ አንተ መሬት ተኛህ ወይ! ሃያ ዓመት እንጨት ይዞ ቆሞ፣ አንድ ሰው ያላስቸገረ! በየሰርጉ ገብቶ ወጥቶ፣ ድምፁ ያልተሰማ ጨዋ!"

የቢተው ዕድሜ ተጨምቆ ይኸው ወጣ። እሱም ጊታሩን እንዳነገተ ቆሞ ይሰማል። አልቃሽ ካለ ማልቀስ በእኛ ዘንድ ልማድ ነውና፣ ሲጨፍር የነበረው ሰው ግማሹ አብሮ አለቀሰ። ንጉሡም ቢተው አጠገቡ ቆሞ እያለ "ደግ ሰው ነበር" ብሎ እንባውን ጠረገ።

"እትዬ አልታየች፣ አለሁ እኮ!"

"ዝም በል አንተ፣ ሳልጨርስ!" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ኋላ ገለጡና አዩት። "በቁምህ ታስለቅሰኛለህ? ይህን ሁሉ እንባ ማን ሊመልስልኝ ነው?"

የሙሽራው ሽማግሌዎች ምልክቱ አላማራቸውም። ሙሽራይቱን ከምሳ በፊት ይዘው ተነሡ። ሰርካለም በመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ "አባዬ፣ ከዚያ በኋላስ እንዴት ነው የሚሄደው?" ብላ ጮኸች። ቢተው በአፉ ሊያዜምላት ሲል መኪናው ሄደ።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። እትዬ አልታየች ሁለተኛ በሕያው ሰው ላይ እንደማያለቅሱ አስመዘገቡ። ሐጂ ሙሐመድአሚን፣ "ከእንግዲህ ሳጥኑ የሙት ብቻ ነው፣ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ እኔ ዘንድ ይቀመጣል" አሉ፤ የቅሬው አባል የሆኑት ቄስም እውነት ነው አሉ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ሳይከራከሩ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ቢተው ተነሣ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

"ልጄ ቅዳሜ ለመልስ ትመጣለች። አንድ ዘፈን ብቻ ፍቀዱልኝ። ሦስቱን ድምፅ እዘለዋለሁ፤ ከአራተኛው እጀምራለሁ። ላይኛው ሰፈርም በየቤቱ ሄጄ፣ የሞተ ሰው የለም ብዬ ራሴ አስቀድሜ እነግራለሁ። እንዴት እንደሚሄድ ጠይቃኛለች። ስለ አላህ፣ ስለ እመብርሃን።"

የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ጥያቄውን ቃል በቃል ጻፍኩት። እጁን ያወጣ አንድም ሰው አልነበረም፤ የእኔም እጅ ብዕር ይዞ ነበር።