በድሬ ሙቀት የበረደኝ ዓመት

ነገሩን መጀመሪያ ያየው አለቃዬ ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራ ነበር። ለፊርማ ካቀረብኩለት ደብዳቤ ላይ አንድ ረዥም ፀጉር በሁለት ጣቱ መዘዘና፣ "ጓድ፣ ይሄም አባሪ ነው?" አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ የጽሕፈት መኪናውን ክዳን ስከፍት ግን ፊደሎቹ መሀል የተጠመጠመውን የፀጉር ክምር አየሁና ሳቄ ጠፋ።

ፀጉሬ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር። የምትሠራልኝ ግቢያችን ውስጥ የምትኖር ጎረቤታችን ናት፤ ከመልካ ጀብዱ የመጣች፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ ልጅ ያልወለደች ሴት። በኦሮምኛ "ኢንተላ ኮ" ነበር የምትለኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ ስትጎነጉነኝ ከራሴ ይልቅ እሷ ትኮራበት ነበር።

መርገፉ ከተጀመረ በኋላ አልቆም አለ። ጠዋት ትራሴ ላይ፣ ቀን ትከሻዬ ላይ፣ ስታጠብ እጄ ላይ። እናቴ የጉሎ ዘይት ቀባችኝ፤ ቅቤ ቀባችኝ፤ እሬት ለቀለቀችኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ቫይታሚን ተሰጠኝ፤ "ሐሳብ ነው፣ አታስቢ" ተባልኩ። በዚያ ዘመን ሳያስብ የሚያድር ሰው ማን ነበር?

ሌላም ነገር ነበር፤ ለማንም ያልተናገርኩት። ይበርደኝ ነበር። በግንቦት፣ ከተማው በእኩለ ቀን በሩን ዘግቶ በሽርጥ ሲጋደም፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ እንቀጠቀጣለሁ። ድሬ ላይ በረደኝ ብል ማን ያምነኛል? ድምፄ ጎረነነ። ሳልበላ ወፈርኩ፤ ፊቴ አበጠ። የቅንድቤ ጫፍ ሳይቀር ሳሳ። ደብዳቤ እየመታሁ መሀሉ ላይ ምን እንደምጽፍ ይጠፋኛል። ቢሮ ውስጥ አርግዛለች የሚል ወሬ ተነዛ።

እናቴ በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች። "ዓይን ነው" አለች። "ማን እንደሆነችም አውቃለሁ።"

ጎረቤታችንን ማለቷ ነበር። ገብቶኝ ደነገጥኩ። በዚያው ሳምንት የግቢው ቧንቧ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ።

"የልጄን ፀጉር አድንቀሽ አድንቀሽ ጨረስሽው" አለቻት እናቴ።

"ማሻ አላህ ብያለሁ፣ ወላሂ! ባየሁት ቁጥር ማሻ አላህ ብያለሁ" አለች ጎረቤታችን፤ ባልዲዋ ሞልቶ እግሯ ላይ እየፈሰሰ። ማሻ አላህ እያለ ያደነቀ ሰው ዓይኑ አይጎዳም ይባላል።

"አላልሽም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው እስር ቤቴ ሆነ። ከመሥሪያ ቤት ቤት፣ ከቤት መሥሪያ ቤት። በረንዳ ላይ መቀመጥ ተከለከልኩ፤ መስኮታችን በጎረቤታችን በኩል ስለሆነ ተዘጋ። የዝናብ ጠብታ በሌለበት ሙቀት፣ ራሴ በሻሽ ተጠፍሮ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እየበረደኝ እቀመጣለሁ። በግድግዳው በኩል ጎረቤታችን ስታስል እሰማታለሁ። ልጠራት እፈልግና እናቴን እፈራለሁ።

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሊወስደኝ ትምጣ ብሎ ላከ። ከከተማ ለመውጣት ግን የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ጉርድ ፎቶ፤ ያለ ሻሽ፤ ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት" አለ።

"በሻሽ አይሆንም?"

"ጓድ፣ ሰልፉን አታቁሚ።"

ያለ ፎቶ ይለፍ የለም፤ ያለ ይለፍ አዲስ አበባ የለም፤ ራሴን ካልገለጥኩ ደግሞ ፎቶ የለም። ያን ጊዜ ከግንባሬ እስከ መሀል አናቴ ቆዳዬ ይታይ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ቤቱ በር ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ግን ሱቁ ባዶ መሆኑን አይቼ ገባሁ። ፎቶ አንሺው አባታቸው ከየመን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። መጋረጃውን እንዲዘጉልኝ ለመንኳቸው። ዘጉልኝ። ሻሼን ፈታሁ። መብራቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ በካሜራው ውስጥ ረዥም ጊዜ አዩኝ።

"ልጄ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ እስቲ። ምራቅሽን ዋጪ።"

ዋጥኩ።

"አንገትሽ ላይ ያለውን እብጠት አይተሽዋል?"

"የወፈርኩት ነው።"

"ውፍረት ምራቅ ሲዋጥ አብሮ ከፍ ዝቅ አይልም" አሉ። "እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት የሰው ፊትና አንገት ነው። እንቅርት ይመስለኛል። እህቴም እንዲህ ሆና ፀጉሯ አልቆ ነበር። ለሐኪም ፀጉርሽን ሳይሆን አንገትሽን አሳዪ።"

ከድሬ ሆስፒታሎች በአንዱ ውስጥ ያኔ ኩባውያን ሐኪሞች ይሠሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጋ ቀረብኩ፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። ከኋላዬ ቆሞ አንገቴን በጣቶቹ ዳሰሰ። የልብ ምቴን ቆጠረ። ተረከዜን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና እግሬ ቀስ ብሎ ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ይበርድሻል ወይ ይልሻል" አለች ነርሷ፤ እሷው ሳቀች፣ "ድሬ ላይ!"

እኔ ግን እንባዬ መጣ። ከስንት ወር በኋላ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሳለቅስ ነርሷ ሳቋን አቆመችና እጄን ያዘች።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ነገር ሣለልኝ። አንገት ውስጥ ያለች ዕጢ ናት፤ ወደ ደም የምትልከው ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት ሁሉ ይዘገያል፤ ሙቀቱም፣ ሐሳቡም፣ የፀጉሩም እድገት። እርግጠኛ ለመሆን የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ እሱ ያለው አዲስ አበባ ነው። ደብዳቤ ጻፈልኝ። በዚያ ደብዳቤና በዚያ በምጠላው ፎቶ ይለፉን አገኘሁ፤ በባቡር ሄድኩ፤ ውጤቱ እንዳለው ሆነ።

"እስከ መቼ ነው የምውጠው?" ብዬ የአዲስ አበባውን ሐኪም ጠየቅሁት፤ የመድኃኒቱን ፍሬዎች የያዘች ጠርሙስ ሲሰጠኝ።

"ሁልጊዜ" አለኝ። እንደ ዕድሜ ልክ ፍርድ ሰማሁት።

ቤት ስመለስ እናቴን አስቀምጬ ነገርኳት። ቢራቢሮውን አሳየኋት።

"እንግዲያ ዓይን አይደለም?"

"አይደለም።"

ሥዕሉን አጣጥፋ መለሰችልኝ። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ስትወጣ በመስኮቱ አየኋት፤ መስኮቱን የከፈተችው ራሷ ናት። ጎረቤታችን ውኃ እየቀዳች ነበር።

"እኔ ማሻ አላህ ብዬ ነበር" አለች ጎረቤታችን፣ ገና እናቴ አፏን ሳትከፍት።

"ብለሻል" አለች እናቴ። "ሰምቼሻለሁ። ሰምቼ ነው የካድኩሽ።"

ጎረቤታችን ባልዲዋን አነሳች። "ሰባት ወር ልጄን ከለከልሽኝ" አለችና ወደ ቤቷ ገባች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ አልተቆጣችምም። እናቴ እዚያው ቧንቧው ሥር ቆማ ቀረች፤ ውኃው ለብቻው ይፈስ ነበር።

ጎረቤታችን ቤታችን የገባችው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት ስትመለስ ነው። ለእናቴ ሰላምታ ሰጠችና ሻሼን ፈታችው። ረዥም ሆነው የቀሩትን ጥቂት ጭራዎች አይታ፣ "ይቆረጥ" አለች። መቀስ ያቀበለቻት እናቴ ናት።

ብርዱ መጀመሪያ ለቀቀኝ። ቀጥሎ ድምፄ ተመለሰ። ፀጉሬ ግን ወራት አስጠበቀኝ፤ እንዲያውም መጀመሪያ ይበልጥ ረገፈ፤ ኋላ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ በቀለ። ወገቤ ጋ አልደረሰም፤ ትከሻዬ ላይ ቆመ።

መድኃኒቱ ድሬ አይገኝም ነበርና አጎቴ በአንድ የባቡር ሠራተኛ እጅ ይልክልኝ ነበር። ባቡሩ ሳይመጣ በቀረበት ሳምንት ጠርሙሷን ገልብጬ የቀሩኝን ፍሬዎች እያየሁ ጣቢያው ጋ እቆማለሁ። አንዴ ሃያ ቀን ዘገየ፤ ብርዱም ተመለሰብኝ። ሥራ ቦታ ሹራብ ለብሼ ገባሁ፤ አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ፣ "በርዶኝ ነው" አልኩት፤ ይመን አይመን ግድ ሳይኖረኝ።