ቁልቁለት ላይ የሚሰምጠው ፍሬን

የጋራዡ ሠራተኞች አለቃቸውን በሌለበት «ማን ይንካው» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። በሙያው አይታማም፤ የሞተር ሕመም በድምፁ ብቻ ይለያል። አፉ ግን አያድርስ ነው! በተለይ በፍሬን ያማረረ ሰው ከምላሱ አይድንም። መኪናውን ተቀብሎ ግቢው ውስጥ አንዴ ዞር ያደርገዋል፣ ሲጢጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ከዚያ ወርዶ ባለቤቱን በሰው ፊት ያሽሟጥጠዋል።

«ፍሬኑ ጤነኛ ነው። ይልቅ አንተ እግርህን ታየው!»

ሠራተኞቹ ይስቃሉ። ባለመኪናው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ታናሽ እህቱ መጣች። እናታቸው የሚኖሩት ከእሷ ጋር ነው፤ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸውም እሷው ናት።

«ወንድም ጋሼ፣ ፍሬኑ እየሰመጠ አስቸገረኝ» አለችው። «እዚህ ደህና ነው። ያን ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ግን መሀል ላይ እግሬ ወለል ድረስ ይገባል። ቆሜ ትንሽ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሆናል።»

ይህን የሰማ ጀማሪ እንኳ የፍሬን ዘይቱን ከፍቶ ያይ ነበር። እሱ እቴ! ግቢውን ዞረ፣ ረገጠው፣ መኪናው ቀጥ አለ።

«ፍሬን የሚሰምጠው ፈሪ ሲነዳው ነው» አለ ጮክ ብሎ። ሠራተኞቹ በሳቅ አውካኩ።

«እባክህ፣ አንዴ ቁልቁለቱን አብረኸኝ ውረድ። ነገ እማዬን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው።»

«ሥራ አለብኝ እኮ! ሂጂ ወደዚያ።»

ሄደች። በማግስቱ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ፍሬኑ እምቢ አላት። መኪናው በእናታቸው በኩል ከግንብ ጋር ተላተመ። እናትየው እዚያው አረፉ። እህቱ ክንዷ ተሰብሮ ተረፈች፤ መትረፍ ከተባለ።

መኪናውን ጎትተው ያመጡት እሱው ጋራዥ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ «እስቲ ፍሬኑን እይልን» አለው። ረገጠው፤ በርዷልና አልሰመጠም። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፈተ። ዘይቱ ጠቁሯል። ያረጀ፣ ውሃ የገባበት ዘይት ሲግል እንደሚፈላ፣ ሲፈላም ፍሬን እንደሚያሳጣ እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል? ትናንት ያሳቃቸው ሠራተኞች ዙሪያውን ቆመው ያዩታል።

ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰው! እህትህ እኮ ናት!

ክዳኑን መልሶ ገጠመው። «ፍሬኑ ደህና ነው» አለ።

ፖሊሱ ሐኪም ቤት ሄዶ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ሲነግራት ወንድምየው አልጋዋ አጠገብ ቆሟል።

«ፍሬኑ ነው እኮ! ረግጬዋለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ያየው ወንድምሽ ነው» አላት ፖሊሱ።

ያኔ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ወንድም ጋሼ ካየውማ እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው።» በደህናው እጇ እጁን ያዘች። «ይቅር በለኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።