ሳያዩ የመሰከሩላት ደሴት

አማቴ ወይዘሮ ትርፌ፣ ቶሮንቶ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፈዋል። ሃያ ሰባተኛ ፎቅ፣ በሐይቁ በኩል፣ አሥራ አራት ክፍል። ሥራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጋረጃው ነበር። አንሶላውን ሳይገፉ፣ መታጠቢያ ቤቱን ሳያዩ፣ መጀመሪያ መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ይከፍቱታል። ያኔ ሐይቁ ይታያል፤ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ደሴቷ።

ደሴቷን የማያውቅ የቶሮንቶ ሰው የለም። ከመሀል ከተማ በጀልባ ሩብ ሰዓት አትሞላም። መኪና አይገባባትም፤ ዛፍ፣ አሸዋ፣ የብስክሌት መንገድና አበባ የዋጣቸው ትንንሽ ቤቶች አሉባት። በሆቴሉ «ዛሬ የት እንሂድ?» የሚል እንግዳ ሲመጣ፣ እንግዳ ተቀባዮቹ ሳይቀሩ ወደ እማማ ትርፌ ይልኩታል። እሳቸውም ፎጣ እያጠፉ ያስረዳሉ፦ ዋርድ ወደሚባለው የደሴቷ ዳር የምትሄደውን ጀልባ ያዙ፣ ወረፋዋ ያጥራል፤ ስትወርዱ በቤቶቹ መሀል እለፉ፤ አሸዋው ከዛፎቹ ኋላ ነው፤ ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ፎጣ ከዚህ ውሰዱ፣ ግን መልሱ። እንግዶቹ ማታ ፀሐይ አቅልቷቸው፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ትራስ ላይ «ልክ ነበርሽ» የሚል ወረቀት የተዉላቸውም አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። እማማ ትርፌ ደሴቷን ረግጠዋት አያውቁም።

ግማሹን ከመስኮቱ አይተው፣ ግማሹን ከሚመለሱ እንግዶች ለቅመው ነው ያን ሁሉ የሚተርኩት። ባለቤቴ ሆሣዕና፣ ማለትም ልጃቸው፣ ይህን መጀመሪያ ስትነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን ነገሩን ከኃጢአት ቆጥረውታል። ለንስሐ አባታቸው ሳይቀር ተናግረዋል። «አባ፣ ያላየሁትን እንዳየ ሰው ሆኜ ለፈረንጅ እመሰክራለሁ» ይሏቸዋል። ስግደት ያዙኛል ብለው ሲጠብቁ፣ ቄሱ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «እንግዲያው ሄደሽ እዪያትና ያልሽው ሁሉ እውነት መሆኑን ንገሪኝ። ቀኖናሽ ይኸው ነው» አሏቸው።

ይህ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ቅዳሜ ሥራ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአዘቦቱ ሌላ ሥራ። በጋ ይመጣል፣ በጋ ይሄዳል። ቄሱም አረጁ። በየዓመቱ ሲያገኟቸው «እህ፣ ተሻገርሽ?» ይሏቸዋል፤ እማማ ትርፌም መሬት መሬት ያያሉ። አምና ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ጉልበታቸው አስቸገረ፤ ከኖርዝ ዮርክ አፓርታማቸው ወርደው አውቶቡስ መያዝ እንኳ እንደ ተራራ ከበዳቸው።

እኔ ይዲድያ እባላለሁ። ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ ምግብ ማብሰል እወዳለሁ፤ ጴንጤ ነኝ። ሦስቱንም የነገርኳችሁ በምክንያት ነው፤ የመጨረሻው በኋላ ጉድ ያፈላል።

ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሆቴሉ ውስጥ አብራቸው ብዙ ዓመት የሠራችው ውቢት ደወለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ትርፍዬ፣ ፎቃችን ሊዘጋ ነው። ሊያድሱት ነው፤ እኛንም በየፎቁ ሊበትኑን ነው። ቅዳሜ የመጨረሻችን ነው።»

እማማ ትርፌ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ሆሣዕና ልታጽናናቸው እጇን ስትዘረጋ፣ «እንግዲያው ቅዳሜ ደሴቷ ላይ ነኝ» አሉ። ማንንም አላማከሩም። «ያቺ መስኮት ከመዘጋቷ በፊት፣ የላክኋቸው ሰዎች ቆመው ካዩበት ቦታ ቆሜ አያታለሁ።»

ውቢት ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። «ብሬኬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አለች። «ልክ በስምንት ሰዓት 2714 ገብቼ መጋረጃውን ሦስት ጊዜ ከፍቼ እዘጋዋለሁ። ካለፈ ግን ሱፐርቫይዘሯ አትለቀኝም፤ እንዳታረፍጂ።»

«ምግቡን ለእኔ ተዉት» አልኩ እኔ። ይህቺን አፌን ምን ልበላት!

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ጀልባዋ ላይ እማማ ትርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ለከተማዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ዞር ብለው እንዲያዩ ብንለምናቸው፣ «ሰዓቱ ሲደርስ ነው የማየው» አሉ። እኔ ግን ዞርኩ። ቶሮንቶ ስኖር ሃያ ዓመቴ ነው፤ ስንቱን ሕንፃ ገመድ ዘርግቼበታለሁ። ያ ሁሉ ፎቅ ከውሃው ላይ ባንዴ ብድግ ብሎ ሲታየኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ደሴቷ ላይ ስንወርድ ደግሞ መሪያችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሳቸው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ካርታ ስፈልግ፣ በከዘራቸው ጠቆም አድርገው «በዚህ ነው» ብለው ቀደሙን። ድልድይዋን፣ የተሰበረውን አጥር፣ አረንጓዴ በር ያላትን ቤት፣ ሁሉንም ሳንደርስበት እየጠሩ ያሳዩን ጀመር። ታዲያ በየጥቂት እርምጃው ይቆማሉ። አንዴ ከአጥር አልፎ የተንጠለጠለ ቲማቲም ለማሽተት፤ አንዴ አንገቷን ቆልምማ ውሃው ዳር ለቆመች ሽመላ መንገድ ለመልቀቅ፤ አንዴ ደግሞ እንዲያው ለመስማት። ሞተር የለም፣ ጥሩምባ የለም፤ ቅጠሉ ነው የሚያወራው።

«ይህን ዝምታ አንዳቸውም አልነገሩኝም» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሲመላለሱ፣ አንድ ሰው እንኳ!»

አሸዋው ጋ ስንደርስ ጫማችንን አስወለቁን። የራሳቸውንም አወለቁ። ሆሣዕናን ተደግፈው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃው ውስጥ ገቡና ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘገኑት። ብዙ ጊዜ አዩት። ከጣቶቻቸው ሾልኮ ሲያልቅ እንደገና ዘገኑ።

«ሰማያዊ ነው እል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ምንም ቀለም የለውም እኮ። የእጄ መስመር ሳይቀር ይታየኛል።»

«ከላይ ሲታይ ሰማያዊ ነዋ፣ እማማ» አልኩ።

«እኔ ከላይ ሲታይ አላልኳቸውም» አሉ፤ ፈገግ እንኳ አላሉም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ አንድ ውሸት ተገኘባቸው። ልስቅ አልኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፍንና የኩራቴን ሣጥን ከፈትኩ። ሦስት ኪሎ ሥጋ! በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠል፣ በቃሪያና በለጋ ቅቤ ከዋዜማው ጀምሮ የታሸ፣ ጠዋት የተጠበሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ እማማ ትርፌ።

«ሥጋ ነዋ።»

ሆሣዕና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ደብል ሺፍት ስትሠራ ከርማ፣ ሣጥኑን ያየችው ገና አሁን ነው። «ይዲድያ! ፍልሰታ እኮ ነው!»

«መቼ ገባ?»

«ሐሙስ!»

እንግዲህ ምን ልበል? የእኛ ቸርች ጾም ሲያውጅ በግሩፕ ቴክስት ነው የሚነገረን። ፍልሰታን ማንም ቴክስት አላደረገልኝም። እማማ ትርፌ ደግሞ «ምግቡን ለእኔ ተዉት» ስላቸው፣ አማቻቸው ሽሮና ስልስ የሚያቀርብ መስሏቸው ቤታቸው ምንም ሳያዘጋጁ መጥተዋል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ እጃቸውን ሳይ ነው። ስኳር አለባቸው። መድኃኒታቸውን ጠዋት ወስደዋል፤ ቁርስ ግን በደስታ ብዛት አልወረደላቸውም። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ሆሣዕና ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ አጎረሰቻቸው። ነርስ ስትሆን ፊቷ ይለወጣል።

«እማዬ፣ ከረሜላ አይበቃም። ምግብ ካላገኘሽ በሰባት ተኩሉ ጀልባ እንመለሳለን።»

«አልመለስም።»

«እንግዲያው ከዚህ ቅመሺ፤ ለበሽተኛ ይፈቀዳል።»

«ሥጋም አልበላም፣ አልመለስምም። ስምንት ሰዓት ድረስ ብቻ አቆዩኝ።» ድምፃቸው የልጅ ልመና ሆነ። እኚህን ሴትዮ እንዲህ ሲለምኑ ሰምቻቸው አላውቅም።

የደሴቷን ካፌ ወረፋ ሮጬ አየሁት፤ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ስመለስ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው ከሰል ያቀጣጠሉ ቤተሰቦች አየሁ፤ ኤግሊንተን ዌስት ከሚባለው ሰፈር የመጡ ጃማይካውያን ናቸው። ሥጋዬን አቅፌ ሄድኩና ያለሁበትን ጣጣ ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ወጣቶቹ ተንከትክተው ሳቁ። ከጎናቸው ግን፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ፀጉራቸውን በሹራብ ባርኔጣ የጠቀለሉ ሽማግሌ በራሳቸው ትንሽ ከሰል ላይ ለብቻቸው ይጠብሱ ነበር። ሥጋና ቅቤ በዚያ ብረት ላይ አርፎ አያውቅም አሉኝ፤ ራስታ ናቸው፣ የሃይማኖታቸው ደንብ ነው። የምጠይቀው ለምትጾም ኢትዮጵያዊት እናት መሆኑን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉና፣ ሁለት የተጠበሰ በቆሎ፣ ሦስት ጥብስ ሙዝ፣ አንድ ሳህን ባቄላ በሩዝ በገዛ እጃቸው ተሸክመው ይዘውላቸው መጡ። ሥጋው ለወጣቶቹ ቀረ። ዛሬም ሽታው ይታወሰኛል።

እማማ ትርፌ ማዕዱን ባረኩና በሉ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ በቆሎውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ጥብስ ሙዙን ሲቀምሱ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ይህን ለእንግዶቼ ሳልነግራቸው!» አሉ። ሆሣዕና ስኳራቸውን ለካችና ትንፋሿን ለቀቀች። ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

ከተማዋ ወደምትታይበት ዳርቻ ለደህና እግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እኛ አሥራ ስምንት ፈጀብን። ሁለት ጊዜ ልሸከምዎት አልኩ፤ ሁለት ጊዜ ከዘራቸውን አነሡብኝ። ውሃው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እዚያው ደሴቷ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በርቀት ማያ መነጽር ወፍ ይመለከታሉ። እማማ ትርፌ አጠገባቸው ቁጭ አሉና አሁን፣ ገና አሁን፣ ቀና ብለው ከተማዋን አዩ። እጃቸው ሳያዙት ደረታቸው ላይ ሄደ።

«ያ ሁሉ እዚያ ነው?» አሉ። «እኔ እዚያ ውስጥ ነበርኩ?»

ሽማግሌው ምንም ሳይጠየቁ መነጽሩን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧቸውና የትኛዋን ወፍ እንደሚፈልጉ ጠየቁ። «ወፍ አይደለችም፣ ጓደኛዬ ናት» አሏቸው።

ሃያ ሰባት ፎቅ ከታች ቆጠሩ። ተሳሳቱ፤ ከላይ ቆጠሩ። ከዚያ መነጽሩን አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። ስምንት ሰዓት ሆነ።

«ከፈተች» አሉ። «ዘጋች። ከፈተች።» ሦስተኛውንም ቆጠሩ። እኔና ሆሣዕና ተቃቅፈን እናጨበጭባለን፤ አለቀ ብለን ነበር።

«ዝም በሉ!» አሉ። «2702 ተከፈተ።»

ማጨብጨባችንን አቆምን።

«2704። ይቺ ቲቤታዊቷ ጓደኛችን ናት፤ እሷ ሁልጊዜ ከግራ ነው የምትጀምረው። 2706። 2708... ይቺ ጋናዊቷ፣ በአንድ ጊዜ ነው የምትገፋው።» ጠዋት ክፍሎቹን ሲያጸዱ መጋረጃውን ሁሉ ዘግተው ትተውታል ለካ። አሁን በተራ፣ እማማ ትርፌ ሠላሳ አንድ ዓመት በከፈቱበት ቅደም ተከተል፣ ከዳር እስከ ዳር ይከፍቱላቸዋል። ያለ መነጽር ለእኔ የሚታየኝ መስታወት ብቻ ነው፤ ግን ቁጥሩን ሲጠሩ መስማት በቃኝ። አሥራ አራቱም እስኪያልቁ አልተነፈስኩም። ዓይኔ ለምን እንደረጠበ እንዳትጠይቁኝ።

ስልካቸው ጮኸ። «አየሽን?» አለች ውቢት፤ ከኋላዋ ሴቶች ይስቃሉ። እማማ ትርፌ ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

«ሁላችሁንም አይተዋችኋል» አልኳት።

መነጽሩን ለባለቤቱ መለሱ፤ አመሰገኑ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚያልፉትን ሰዎች፣ ልጆቹን፣ ብስክሌቶቹን፣ ውሃውን ዞር ዞር እያሉ አዩ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ አባ ጋ ታደርሰኛለህ» አሉኝ። «አልዋሸሁም እላቸዋለሁ። ቀለሙን ብቻ ነው የሳትኩት።»